እርጎ ተከልክሎ ብስኩት የተፈቀደበት ምሳ ዕቃ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት አንዲት ወረቀት ተላከችልን። እዚሁ ጅማ ነው፤ ስሙን አልጠራም። «እርጎ፣ አይብና ማንኛውም ባክቴሪያ ያለበት ምግብ በምሳ ዕቃ መላክ ክልክል ነው» ትላለች። ብስኩትና የታሸገ ጁስ ግን ይቻላል። ምክንያቱን ልጠይቅ ሄድኩ። «ባክቴሪያ ባክቴሪያ ነው። ምግብ የሚፈጨው በሰውነት ኢንዛይም ነው፤ ባክቴሪያ ማበላሸት እንጂ ሌላ ሥራ የለውም» ተባልኩ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ባክቴሪያ ባክቴሪያ ነው? እንግዲያው እንጀራውም ይከልከላ! ሊጡን ማን ያቦካዋል? እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ደቂቅ ፈንገሶች ናቸው። ምጣድ ላይ ቢሞቱም ሥራቸውን ጨርሰው ነው። ጤፉ ውስጥ ብረቱን ጠፍሮ የሚይዘውን ፋይቲክ አሲድ ቀንሰውልን ነው የሚሄዱት። ቆጮም ያለ እነሱ ቆጮ አይሆንም።

የኢንዛይሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። አዎ፣ ምግብ የሚፈጨው በኢንዛይም፣ ማለትም ምግብን በሚሰባብር ፕሮቲን ነው። ግን በማን ኢንዛይም? እንጀራና ድንች ውስጥ ያለውን ስታርች ምራቃችንና ቆሽታችን ይሰብሩታል። ከዚያ በኋላ ግን አቅማችን ያልቃል። የሰው ዘረመል ስታርችና ስኳር ለመሰባበር የሚያዝዛቸው ኢንዛይሞች ቢቆጠሩ 20 አይሞሉም። አንጀታችን ውስጥ የሚኖር ባክቴሮይድስ ቴታዮታኦማይክሮን የሚባል ባክቴሪያ ግን ብቻውን ከ200 በላይ አለው። አንድ ዝርያ ብቻውን! ሆዳችን ውስጥ ደግሞ ዝርያው በመቶዎች ይቆጠራል።

ሽሮን እንይ። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሰው አንጀት አያመነጭም። ስለዚህ ሳይነኩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ የሚጠብቋቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። በጾም ሰሞን «ሆዴን ነፋኝ» የማይል የለም። ያ ንፋት እኮ እነሱ ሥራ ላይ ለመሆናቸው ምልክት ነው። እኛ ያቃተንን እየፈጩልን ነው። አሠር፣ ማለትም የራሳችን ኢንዛይም የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ያለበትን ምግብ ሲፈጩ ደግሞ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚህ አሲድ ነው። ታዲያ ይሄ ነው ማበላሸት?

አሁን ወደ ተከለከለው እርጎ። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚሰብረው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ብዙ ሰው ከሕፃንነት ሲያልፍ ይቀንስበታል። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የያዘው ልጅ ደግሞ ለጊዜው ሊያጣው ይችላል፤ ጃርዲያን የማያውቅ የጅማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን አስቀድመው ይበሉታል። የራሳቸውን ኢንዛይም ይዘው ስለሚገቡም አንጀት ውስጥ ሥራውን ይቀጥላሉ። ወተት የማይስማማው ልጅ እርጎ ሲጠጣ ሆዱ የሚረጋጋው በዚህ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ የከለከለው እንግዲህ ይህንን እርዳታ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ጥሬ ወተት አደገኛ ነው። ብሩሴላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያና የከብት ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል፤ መርጋቱ ብቻም አይገድላቸውም። እኛ ቤት ከጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ ጮቆርሳ የሚመጣው ወተት መጀመሪያ በደንብ ይፈላል። ለብ ሲል ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨመርበታል። በወይራ በታጠነ ዕቃ ይረጋል። በቃ። ወረቀቷ «ወተቱን አፍልታችሁ አርጉ» ብትል ኖሮ አመስግኜ እፈርም ነበር።

ብስኩቱስ? ነጭ ዱቄትና ስኳር ነው፤ አሠር የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ትልቁ አንጀት ድረስ ተርፎ ለባክቴሪያዎቹ የሚደርስ ምን አለው? ልጁን እያጠገብን የሚፈጩለትን እያስራብን ነው። ሆዱን ባመመው ቁጥር ሐኪም ሳያዝዝ አሞክሳሲሊን የሚባለውን ፀረ-ባክቴሪያ እየገዛን የምንሰጠው ወላጆችም አለንበት፤ መድኃኒቱ ጠቃሚውን ባክቴሪያ ከጎጂው አይለይም።

ይህ ክልከላ መነሳት አለበት። የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ነው። ወረቀቷን ይዤ እሄዳለሁ። ልጆቻችሁ እዚያ የሚውሉ ወላጆች፣ እባካችሁ እናንተም ኑ።