ዳንቴል የለበሰው ክቡር

እኛ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ለኮምፒውተር ያለን አክብሮት የሚገባውን ውዳሴ ሳያገኝ መቅረቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። በየሳሎኑ ከቡፌው ጎን የተቀመጠው ዴስክቶፕ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ይታያል፤ ሞኒተሩ የጽጌረዳ ጥልፍ ያለበት ዳንቴል ሲደረብለት፣ ሲፒዩ እያልን የምንጠራው ሣጥን ደግሞ ጎንና ጎኑን አንድም ሳያስቀር የሚሸፍን የራሱ ቀሚስ ተሰፍቶለታል። አዋቂ ነን ባዮች ሣጥኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ፋኑ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብባቸውና የሞቀውን እንዲያስወጣባቸው የተበጁ ናቸው ይላሉ። ነገሩስ እውነት ነው፤ ግን የጨዋ ቤተሰብ ቀዳዳ ዕቃ ለእንግዳ እንዴት ያሳያል?

በአንድ እሑድ፣ ከበታቻችን ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ቡና ጠርተውኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህቺ ነገር ደክሟታል፤ እስቲ እያት» አሉኝ። ቀሚሱን ገልጬ፣ የጎኑን ክዳን ፈትቼ ወደ ውስጥ ስመለከት ፋኑ ባና ለብሷል። ከኮረኮንቹ መንገድ የሚነሳው አቧራ ከዕጣኑ ጥላሸት ጋር ተጋግሮ፣ ጫፉን ይዘው ቢስቡት እንደ ቁራጭ ጨርቅ ይነሳል። ሣጥኑ ወለል ላይ በመቀመጡም ቤት በተጠረገ ቁጥር ድርሻው አልቀረበትም። ሥነ ሥርዓት የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቱ ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፎ፣ ሣጥኑን ከወለል ከፍ አድርጎ ባስቀመጠው ነበር፤ ይህንንም በየሦስት ወሩ ቢደግመው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። እኔም ብሩሽ ስጠይቅ መምህሩ እጄን ያዙኝ። «ተዋት! ሲሞቃት ነው የምትሠራው፤ መኪናስ ሳትሞቅ ትሄዳለች?»

ድፍረታችን ደግሞ መብራት ሲሄድ ይታያል። ፈሪ ሰው መብራት በጠፋ ጊዜ ሶኬት ይነቅላል፤ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ አቅም ካለው መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይገዛል። እኛ ግን ፍሪጁን፣ ካውያውንና ኮምፒውተሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክተን የሚመጣውን ሁሉ በአንድነት እንቀበላለን። በዲቫይደሩ ላይ የምትበራው ቀይ መብራት ኃይል መድረሱን ከመናገር ያለፈ ሥራ ባይኖራትም፣ እኛ የሌሊት ዘብ አድርገን ሾመናታል።

ስለ ትዕግሥታችን ብዙ አልናገርም። ኮምፒውተሩ ልታደስ ባለ ቁጥር «በኋላ» የምትለዋን እንጫናለን። በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት ወር ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱ ያለበትን ማደሻ ያወጣው አስቀድሞ በመጋቢት ነበር፤ ከተጠቁት ብዙዎቹ እንደ እኛው «በኋላ» ያሉ ነበሩ።

የሁሉም ቁንጮ ግን ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭነው ፎርማት ነው። ዳማከሴ ለምች እንደሆነ ሁሉ ፎርማት ለማንኛውም የኮምፒውተር ሕመም ነው። ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው፣ ገና ሲከፈት አብረውት የሚነሱ ፕሮግራሞች ስለበዙ፣ ወይም ዲስኩ እስከ አፉ ስለሞላ ሊሆን ይችላል፤ አላስፈላጊዎቹን ታስክ ማኔጀር ከተባለው የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ማጥፋት፣ ወይም አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ዲስክ መቀየር ብዙውን ጊዜ ጎበዝ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ምርመራ ግን ክብራችንን ይነካል። ታክሲ ተራው አጠገብ ያለው ባለሙያ ምን እንዳመመው ሳይጠይቅ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ከዚያም የሰፈሩን ኮምፒውተሮች ሁሉ ሲዞር በኖረ ፍላሽ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ መቆለፊያው የተሰበረ አንቲቫይረስ ይጭንለታል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ነውና ማንም አያየው።

እኔ ራሴ ከዚህ በረከት ተካፍያለሁ። ባለሙያው «የምትፈልገው ፋይል አለ?» ሲለኝ፣ ኮራ ብዬ «ምንም የለም» አልኩ። የልጄ የአንደኛ ዓመት ልደት ፎቶዎች ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ እንደነበሩ፣ ዴስክቶፕም ከሚጠፋው ከሲ ክፍል እንደሆነ ያስታወስኩት ማታ ባለቤቴ «እስቲ ለእናቴ አሳያት» ስትለኝ ነው። በሌላ ዲስክ ቅጂ ማስቀመጥ የጥርጣሬ ምልክት ስለሚመስለኝ አላደረግሁትም ነበር፤ በኮምፒውተሬ ላይ እምነት ነበረኛ።

የመምህሩም ኮምፒውተር ባለፈው ሳምንት ፎርማት ተደርጋ ተመለሰች። ለዓመታት ያጠራቀሟቸው የፈተና ጥያቄዎች አብረው መሄዳቸውን ገና አላወቁም፤ እኔም በቡና ሰዓት እንዲህ ያለ ወሬ ማንሳት ደስ አላለኝም። ፋኑ ባናውን እንደለበሰ ነው። ባለቤታቸው ታጥቦ ስታርች የገባውን ዳንቴል አምጥተው፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ጫፍና ጫፉን እኩል አድርገው አለበሱት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፋኑ ከቀሚሱ ሥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ማጓራት ጀመረ። መምህሩ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ ፊታቸው በርቶ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማህ? ጉልበት አገኘች።»