ከመዳፍ ላሜራ እስከ 6 ሜትር ቱቦላሬ

ባለፈው ክረምት አምስት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አንድ ላቦራቶሪ ጎራ ብዬ ነበር። አንድ ተመራማሪ ወዳጄ መዳፍ የምታህል ላሜራ አሳየኝ። ግማሿ ናኖ ሽፋን፣ ማለትም ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ እጅግ ስስ ቅብ፣ ተቀብቷል፤ ግማሿ ባዶ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ከርማ ስትወጣ ባዶው ወገን ቡናማ ሆኗል። የተቀባው ግን እንዳበራ ነው፤ ውሃ ጠብ ሲልበት ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። በጣም ደስ አለኝ። "ቀጥሎስ?" አልኩት። "ጥናቱ ታትሟል፤ በጀቱም አልቋል" አለኝ።

ይሄ "አልቋል" ነው የሚያንገበግበኝ። ሥራው ገና መጀመሩ ነበራ!

ከላቦራቶሪ ወደ ፋብሪካ መሄድ ያንኑ ነገር በትልቅ በርሜል መድገም አይደለም። ሽፋኑ ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 80 ሺህ ናኖ ሜትር ይወፍራል። 1,000 ናኖ ሜትር የምታህል የአቧራ ቅንጣት ለዓይን አትታይም፤ ሽፋኑን ግን በስታ ትወጣለች። ዝገት የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ላሜራዋ ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ ትታጠባለች፤ ከዚያ የሽፋኑ ፈሳሽ ውስጥ ተነክራ ቀስ ብላ ትወጣለች። ቶሎ ካወጧት ሽፋኑ ይወፍራል፤ ሲደርቅም ሊሰነጠቅ ይችላል። ብረታ ብረት ቤት የሚገባው ግን ዘይት የነካው የ6 ሜትር ቱቦላሬ ነው። ብየዳ አለበት። የመፍጫው ብናኝ አለበት። የሽፋኑ ፈሳሽ ራሱ ሲቆይ እየረጋ ይሄዳል።

ፊንላንዳዊው ቱኦሞ ሱንቶላ እጅግ ስስ ሽፋን በዙር በዙር የሚደርበውን ዘዴ በ1974 እ.ኤ.አ. አመጣ። በ1983 በሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ የመረጃ ሰሌዳዎች ላይ ዋለ። ከፈጠራ እስከ ሥራ ላይ መዋል 9 ዓመት ነው። ያውም ሥራው ከመነሻው የተካሄደው ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ይሄ በላቦራቶሪና በፋብሪካ መሃል ያለው ደረጃ ነው። ሌላ ጥናት ከመጀመራችን በፊት አንድ የጋራ የሙከራ ማምረቻ ይኑረን። ማጠቢያ ገንዳ፣ ረዘም ያለ መንከሪያ፣ ማድረቂያ ምድጃ፣ የሽፋን ውፍረት መለኪያ። በያጆችና ቀለም ቀቢዎችም ከመጀመሪያው ቀን እዚያ ይኑሩ። ብረቱ የቱ ጋ ቶሎ እንደሚዝግ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ብዙ ብረት ደጅ ቆሟል። ሰኔ ሳይገባ ለወዳጄ ከዚያ ላይ 6 ሜትር አጥር ይሰጠው። ግማሹ በተለመደው አንቲረስት፣ ግማሹ በናኖ ሽፋን ይቀባ። ሁለት ክረምት ይዝነብበት። ከዚያ ከበያጆቹ ጋር ሄደን ብየዳ ብየዳውን እንየው።