ዛፉን የሚያደርቀው የራሱ ፍሬ ሲሆን

ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ ቡና ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን አራግፎ ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር ሁሉም በሽታ ነው ይላል፤ የሚረጭ መድኃኒት ፍለጋም ይጀመራል። በእኔ አስተያየት ብዙውን ጊዜ ዛፉን የያዘው ረሃብ ነው።

ቅጠል የሠራው ስኳር የሚጓዘው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ፍሎየም በተባለ የቱቦዎች መስመር ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንሽ በ1930 (እ.ኤ.አ.) እንዳብራራው፣ ስኳሩ በቅጠሉ በኩል ወደ ቱቦው ሲገባ ውኃ ይስባል፤ ግፊትም ይፈጠራል። ስኳሩ በሚራገፍበት በኩል ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ፈሳሹ ወደዚያ ይነዳል፤ ፍጥነቱ በሰዓት አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ብዙ የሚወስድና ቅርብ ያለ አካል ይቀድማል። በቡና ላይ ይህ ፍሬው ነው፤ ሥሩ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ሥር ሲራብ ቀጫጭኖቹ ይሞታሉ፣ ከአፈር የሚመጣው ናይትሮጅንና ፖታሲየም ያንሳል። ፍሬው የጎደለውን ከአሮጌ ቅጠሎች ይመጥጣል፤ እነሱም ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ያን ጊዜ ዩሪያ ቢበተን የሚቀበለው ሥር ጥቂት ነው። ማዳበሪያው መድረስ የነበረበት ፍሬው ሲያድግ፣ በዝናቡ ወቅት ነበር።

ብዙ የፍራፍሬ ዛፎች ከአቅም በላይ የያዙትን ያራግፋሉ። አረቢካ ቡና ግን ፍሬው ማደግ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አያራግፍም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ጥላ ሥር የኖረ ተክል ነው፤ በጥላ ጥቂት ስለሚያብብ ማራገፍ አላስፈለገውም ይባላል፣ አሳማኝም ነው። ስለዚህ ምርት ለመጨመር ብሎ የጥላ ዛፍን ጠርጎ መቁረጥና ማዳበሪያን መንፈግ ዛፉን ለዚህ ረሃብ መዳረግ ነው።

እርግጥ እውነተኛ በሽታም አለ። ቅርፊቱ ሲፋቅ እንጨቱ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ከታየና ዛፉ ከነፍሬው ከጠወለገ፣ የቡና አድርቅ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዛፉን ነቅሎ እዚያው ማቃጠል፣ ቆንጨራውንም ሳያጸዱ ወደ ሌላው አለመሄድ ነው።

ያረጀ ቡናን ከግንዱ ቆርጦ የማደስ፣ የጉንደላ ዘመቻም ይህን ረሃብ ሊያስብበት ይገባል። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳያቁር በሰያፍ የተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው በግንዱና በሥሩ ባጠራቀመው ስታርች በተባለ ምግብ ነው። በምርት የተሟጠጠ ዛፍ ይህ ክምችት የለውም፤ ወዲያው ከተጎነደለ ቁጥቋጦው ይቀጭጫል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አያቆጠቁጥም። ብዙ ግንድ ካለው ቅጠል ያለበት አንዱ ሳይቆረጥ ይቆይ፤ አዲሶቹ ቁጥቋጦዎች ጠንክረው ከመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስቱ እስኪመረጡ ድረስ ሥሩን ይመግባል።