ከሰው አስፕሪን ላይ እጃችሁን አንሱ

የአራት ኪሎና የፒያሳ ሰዎች፣ ወገኖቼ፤ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ገና አልበረደም።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሐኪሞች ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚሉት፣ ቀይ የደም ሕዋስ ከመጠን በላይ የሚመረትበት፣ ደምም ወፍሮ በቀላሉ የሚረጋበት ሕመም አለባቸው። በየጊዜው ደም ይቀነስላቸው ነበር፤ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን ይወስዱ ነበር። እንዲህ ሆነው ለዓመታት ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ካፖርት ሲገለብጡ ኖሩ።

ከዚያ የሰፈር ምክር መጣ። አንዷ ቡና ላይ «አስፕሪን ጨጓራ ይበላል» አለች። ሌላው «ደም መቀነስ ደግሞ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?» አለ። ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በማር የተለወሰበት ብልቃጥ ይዞ መጣ፤ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ደም ያቀጥናል» ብሎ ማለ። ጋሼ ሰው አክባሪ ናቸው፤ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ክኒኑን ተዉ፤ ቀጠሯቸውንም ተዉ። አንድ ማለዳ ስኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ አፋቸው ተጣመመ። ስትሮክ ነበር። መቀስ ሲያዝዝ የኖረው እጅ ዛሬ ማንኪያ አያነሳም።

ይህን እንኳ ይቅር ባልኩ። ብልቃጡን ያመጣው ሰው ግን ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ራስጌያቸው ቆሞ፣ «መጠኑን አሳንሰው ወስደውት ይሆናል» አለ። ባለቤታቸው ሰሙ። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ተፈጥሮ፣ ተፈጥሮ ለምትሉ፦ የአስፕሪንም ዘር ከአኻያ ልጣጭ ይመዘዛል። ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ የሚያሰንፈው ግን በቤተ ሙከራ የተጨመረበት አሴቲል የተባለ የኬሚካል ቅንጣት ነው፤ ልጣጩ ይህን አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአውሮፓ ጥናት በቀን 100 ሚሊግራም አስፕሪን በዚሁ ሕመም የተያዙትን ከደም መርጋት አደጋ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ነጭ ሽንኩርት በዚህ ሕመም እንዲህ ተፈትኖ አልተመሰከረለትም፤ ይባስ ብሎ ከአስፕሪን ጋር በብዛት ሲወሰድ መድማትን ሊያብስ ይችላል።

አስፕሪን ለሁሉም ይሰጥ አላልኩም። ጨጓራ መጉዳቱ እውነት ነው፤ ፕሌትሌታቸው እጅግ የበዛ አንዳንድ ሕሙማንም በእርሱ ሊደሙ ይችላሉ። የሚከለክለውም የሚያዘውም የደም ሐኪሙ እንጂ የቡና ጉባኤ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እባካችሁ፣ በሽተኛ ስትጠይቁ ብርቱካን ይዛችሁ ግቡ። የሚጠጣው የባህል መድኃኒት ካለም «ለሐኪምህ ንገረው» በሉት። ብዙ ሰው ይሰማኛል ብዬ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። ሰሞኑን ግን አንዲት የሰፈራችን እናት ብልቃጥ ሲቀርብላቸው «መጀመሪያ ሐኪሙ ይወቀው» ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ የምትሉ እንድትበዙ እለምናችኋለሁ።