የኪሊማንጃሮ በረዶና የጣና ትንበያ

በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት የኪሊማንጃሮ በረዶ ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ያልቃል ብሎ ነበር። 2020 አለፈ፤ በረዶው እጅግ ሳሳ እንጂ አላለቀም። ስፋቱ በ1912 ከነበረው 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በ2000 ወደ 2.6 ወርዷል፤ ግምቱም ያንኑ አካሄድ ወደፊት ማስቀጠል ነበር። ስፋት ግን ስለ ውፍረት አይናገርም። የሰሜኑ የበረዶ ሜዳ ያኔ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው።

ይህ ለባሕር ዳር ሰው ምኑ ነው? ጣናን የሚመግበው ግልገል አባይ ከበረዶ አይመነጭም፤ ሰሜን ተራሮች ላይ የነበረው ግግርም ከጠፋ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። የጣናን የውሃ ከፍታ የሚተነብይ ሞዴል (የስሌት ንድፍ) የሚሳሳትበት መንገድ ግን ከበረዶው ሞዴል ጋር አንድ ነው።

ቀላሉ የበረዶ ሞዴል ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ በዓመት የሚጥለው በረዶ መጠንና ከዜሮ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ በቀን የሚቀልጠው ሚሊ ሜትር። ተራራ አናት ላይ ብዙ ጊዜ መለኪያ ስለማይኖር፣ ያለፈውን መቅለጥ እስኪመስሉ ድረስ ሁለቱም ይስተካከላሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ከልክ በላይ ቢወሰዱ ስህተቶቹ ይካካሳሉና ያለፉት 20 ዓመታት ልክ ሆነው ይወጣሉ። አየሩ ሲሞቅ ግን የሚያድገው መቅለጡ ነው፤ ትንበያውም መስመር ይስታል። ኪሊማንጃሮ ላይማ ዘዴው ራሱ አያዋጣም። የአናቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በረዶውን የሚጨርሰው በአብዛኛው ፀሐይና ደረቅ አየር ነው።

ጣና ላይ የእነዚህን ቁጥሮች ቦታ የያዙት ትነትና ያልተለካ ፍሰት ናቸው። ወንዞቹ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይለካሉ፤ ከመለኪያው በታች ካለው ሜዳ የሚገባው ግን ግምት ነው። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ አንድ ሴንቲ ሜትር 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ዓመታዊ ትነትን 1,600 ሚሊ ሜትር ብለን 5 በመቶ ብንሳሳት 240 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል። ሞዴሉ ይህን ባልተለካው ፍሰት ላይ ጨምሮ ያካክሰዋል፤ ግራፉም ያምራል። እኛ ደግሞ የሚያምር ግራፍ ቶሎ እናምናለን።

በዚያ ላይ ከ1996 ወዲህ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት የጨረጨራ ግድብ በሮች፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከሐይቁ ውሃ የሚወስደው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከፍታውን ይወስናሉ። በ2003 ጣና ላይ የታየውን የውሃ መውረድ ለድርቅ ብቻ የሚሰጥ ሞዴል የሰውን ውሳኔ የአየር ንብረት አድርጎ ይማራል።

የበረዶ አጥኚዎች በ2023 ያወጡት ዓለም አቀፍ ትንበያ ቁርጥ ያለ ዓመት አልነበረም። እስከ 2100 ድረስ የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ቢጨምር ከዓለም የበረዶ ግግሮች ክብደት 26 በመቶው ይጠፋል፣ 6 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ በ4 ዲግሪ ደግሞ 41፣ በ11 ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ።

ስለ ጣና ትንበያ የሚያቀርብ ሁሉ እንዲህ የግምቱን ከፍና ዝቅ ይንገረን። ሞዴሉን ከ1996 በፊት ባለው መረጃ ያስተካክል፤ የበሮቹ መዝገብ ተሰጥቶት የ2003ቱን ከፍታ ሳያይ ይገምት። ትነቱም ከየብስ ጣቢያ ከሚገመት ሐይቁ ላይ በተተከለ መሣሪያ ይለካ።