የ60 ሳንቲም እንቁላል

የምንከባከባቸው ሽማግሌ እንቁላል በገዛሁ ቁጥር ይቆጣሉ። እኔን አይደለም፣ ደረሰኙን ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቷን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ያነቧታል። ከዚያ «ሌቦች!» ይላሉ። ማንን እንደሆነ ተናግረው አያውቁም።

ሜሪላንድ ውስጥ ሆም ኬር ነው የምሠራው። ሰውየው 89 ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል። ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ አእምሯቸው ግን ምላጭ ነው። ባለፈው ወር እንደ ልማዳቸው ከተቆጡ በኋላ «ነይ፣ ላሳይሽ» ብለው ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ የብስኩት ጣሳ አስወረዱኝ። እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ጣሳ ሲከፈት መርፌና ክር ነው የሚወጣው። ከእሳቸው ጣሳ የወጣው ግን የእናታቸው ወረቀት ነው። ከላይ የ1955 የግሮሰሪ ደረሰኝ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ቡናማ ሆኗል፣ እጥፋቱ ላይ ተበስቷል። ማሽኑ ያተመው ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ምኑ ምን እንደሆነ እናትየዋ ጎን ጎኑን በእርሳስ ጽፈዋል። እንቁላል አንድ ደርዘን 60 ሳንቲም። ዳቦ 18 ሳንቲም። ቡና አንድ ፓውንድ 93 ሳንቲም።

«አየሽ?» አሉኝ፣ ክስ እንዳሸነፈ ሰው።

ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ጋሽዬም ስደውልለት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። «በጃንሆይ ጊዜ ዶሮ በስሙኒ!» ይላል። ስሙኒ 25 ሳንቲም መሆኗን የማያውቁ ልጆች አሁን ትዳር ይዘዋል። ስሙኒዋም ዶሮዋም በየፊናቸው ሄደዋል፣ ጋሽዬ ግን ዛሬም ያቺኑ ዶሮ ይዟል።

ወደ ጣሳው ልመለስ። ከደረሰኙ ሥር አንዲት ትንሽ የደሞዝ ፖስታ ነበረች። ሽማግሌው በ1955 ክረምት፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ባልቲሞር ውስጥ አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ካርቶን ይሸከሙ ነበር። ፖስታዋ ላይ በሰዓት 75 ሳንቲም ይላል። ያን ጊዜ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ይኸው ነበር። ወደ 1 ዶላር ያደገው በመጋቢት 1956 ነው።

ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩ። ሽማግሌው ያን እንቁላል ለመግዛት 48 ደቂቃ ካርቶን መሸከም ነበረባቸው። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ደርዘኑን የገዛሁት 4 ዶላር ነው። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 15 ዶላር ነው፣ የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም። 16 ደቂቃ መሆኑ ነው። እየጮኽኩ ነገርኳቸው። «እንዴት ሆኖ?» አሉና ራሳቸው በእርሳስ አሰሉት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ የሂሳቡን ወረቀት ገልብጠው አስቀመጡትና ስለ ቤንዚን ማውራት ጀመሩ።

ቤንዚኑም አላዋጣቸውም። በ1955 አንድ ጋሎን 29 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በጥቅሉ ወደ 12 እጥፍ ስለጨመረ፣ ያ 29 ሳንቲም የዛሬ 3 ዶላር ተኩል አካባቢ ነው። እኔ ከምቀዳበት ብዙም አይለይም። ቴሌቪዥንማ አይነሳ! አርሲኤ የሚባለው ኩባንያ በ1954 ያወጣው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን 1,000 ዶላር ነበር። ስፋቱ 15 ኢንች። የእኔ ሽማግሌ ሳይበሉ ሳይጠጡ ሰባት ወር ተኩል ካርቶን ቢሸከሙ ነው የሚደርሱበት። ዛሬ ከዚያ ሦስት እጥፍ የሚሰፋውን በሳምንት ደሞዝ ተሸክሞ የሚሄድ ሞልቷል።

በአንድ ነገር ግን ረቱኝ። በቤት። እንዲያውም እሳቸው ሳይሆኑ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ልቤ የቆሰለው እሱ ላይ ስለሆነ። ኒውዮርክ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ሌቪታውን የሚባል ሰፈር አለ። ግንባታው በ1947 ተጀመረ። ቤት የሚሠራው እንደ መኪና ነበር፦ አንዱ ቡድን መሠረት እያፈሰሰ ያልፋል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ቀጣዩ ቀለም ይቀባል። በ1951 ከ17,000 በላይ ቤት ቆሟል። በ1949 የአንዱ ዋጋ 7,990 ዶላር ነበር። ከጦርነት ለተመለሰ ወታደር መንግሥት ዋስ ስለሚሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠየቅ ይገባል። መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ያኔ በዓመት 3,100 ዶላር ያህል ያገኛል፣ ስለዚህ ቤቱ የሁለት ዓመት ተኩል ገቢ ነው። የዛሬው የአራት አምስት ዓመት ገቢ ይጠይቃል። እኔ በምኖርበት አካባቢ ደግሞ ባናወራው ይሻላል።

እርግጥ ቤቱ ትንሽ ነው። መጀመሪያ የተሠሩት 70 ካሬ ሜትር አይሞሉም ነበር። ሁለት መኝታ፣ አንድ መታጠቢያ። ዛሬ ዲሲ ዙሪያ ያለ ሐበሻ «ይህማ ለእንግዳም አይበቃ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እገባበት ነበር።

ያን ዘመን ስመረምር በጣም ያሳቀኝ የኮካ ኮላ ነገር ነው። የአንዱ ዋጋ ከ1886 ጀምሮ 5 ሳንቲም ሆኖ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቆየ። ሁለት የዓለም ጦርነት አለፈ፣ እሱ አልተነቃነቀም። አንዱ ምክንያት መሸጫ ማሽኑ ነው። ማሽኑ አንዲት የ5 ሳንቲም ሽርፍራፊ ብቻ ነው የሚቀበለው። 6 ሳንቲም ይሁን ቢሉ አይገባው፣ 10 ቢሉ እጥፍ ሊሆን ነው። በ1953 የኩባንያው ሰው ሮበርት ውድረፍ ወዳጃቸውን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን አንድ ነገር ጠየቁ፦ መንግሥት የ7 ሳንቲም ተኩል ሽርፍራፊ ያውጣልን! የሚሸጡትን ውሃ ላለማስወደድ የአገሩን ገንዘብ ሊያስቀይሩ። አልሆነላቸውም። የእኛ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ ቢሆኑ መላው አይጠፋቸውም ነበር። ዋጋው እዚያው ይቀመጥና ዳቦው ይቀንሳል።

ሽማግሌው ስለ ቴሌቪዥን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። በ1950 ቴሌቪዥን የነበረው ከ10 ቤት አንድ አይሞላም፣ በ1960 ግን ከ10 ቤት ዘጠኙ ጋ ደርሷል። (የእኛ ቴሌቪዥን ገና በ1964 ነው የጀመረው።) በጥር 1953 ኮሜዲያኗ ሉሲል ቦል በፕሮግራሟ ላይ ስትወልድ 44 ሚሊዮን ሰው ተመለከተ። በማግስቱ አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ያየው 29 ሚሊዮን ነው። ጉዱ ግን እሱ አይደለም። ሴትየዋ ሆዷ ገፍቶ እየታየ፣ «እርጉዝ» የሚለው ቃል በቴሌቪዥን እንዳይባል ተከልክሎ ነበር። «ልጅ እየጠበቀች ነው» ይባል ተባለ። ይህን ስሰማ አክስቶቼ ትዝ አሉኝ። እኛ ልጆች ካለን «እንዲያ ሆናለች» ይሉና በዓይናቸው ሆዷን ይጠቁማሉ። አሜሪካኖች ሲወለዱ ጀምሮ ዓይናቸውን የማያሹ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱም እንደ አክስቶቼ ነበሩ።

ኤልቪስ ፕሪስሊም አለ። በመስከረም 1956 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ሲቀርብ 60 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። በጥር 1957 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ካሜራው ከወገቡ በላይ ብቻ አሳየው፣ ዳሌውን ያወዛውዛል ተብሎ። እስክስታ ከትከሻ ነውና ይህ ሕግ እኛን አይነካንም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከሽማግሌው ጋር እየተሳሳቅን ነው። አንድ ማታ ግን የምትተካኝ ባልደረባዬ ቀደም ብላ መጣች። የሌሊቱን ሺፍት የምትሠራው እሷ ናት። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ስልሳዎቹን ያለፈች፣ ከአላባማ፣ ከሞንጎመሪ። የእኛው ሞንጎመሪ ካውንቲ ሳይሆን፣ ሮዛ ፓርክስ በታኅሣሥ 1955 ለነጭ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ወንበር አልነሳም ያለችበት ከተማ። ጣሳው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ደረሰኙን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው። «እናቴ እንቁላል ገዝታ የምታውቅ አይመስለኝም» አለች። እናቷ በሰው ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። ከዚያ ቤት የተረፈውን በወረቀት ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። በአውቶቡስ 10 ሳንቲም ከፍለው ነበር የሚመላለሱት። ከሮዛ ፓርክስ በኋላ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ሲያድሙ ግን 381 ቀን ሙሉ አልተሳፈሩም። አንዳንድ ቀን የሰው መኪና ያደርሳቸዋል፣ ሌላውን በእግራቸው።

እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ 75 ሳንቲሙን ጠቀስኩላት። ከልቧ ሳቀች። የዝቅተኛ ደሞዙ ሕግ በ1938 ሲወጣ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ጥሎ ነው የወጣው። የቤት ሠራተኛ የገባችበት በ1974 ነው። አረጋውያን የሚንከባከቡ በኤጀንሲ የሚቀጠሩት፣ ማለትም እሷና እኔ፣ ያኔም ተዘለልን። ደንቡ የተቀየረው በ2015 ነው። እኔ እዚህ አገር ስመጣ ገና አልተቀየረም ነበር። ይህን ያወቅኩት እንግዲህ በዚያች ማታ ነው፣ ከብስኩት ጣሳ።

የምመኘው የሌቪታውን ቤትም ጣጣ ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ውሉ ከነጭ በቀር ሌላ ሰው እንዳይኖርበት ይል ነበር። አንቀጹ በኋላ ቢወጣም ልማዱ ቀጠለ። ከጦርነት የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ቤት ጠይቀው ተመልሰዋል። አንቀጹ አንድ ቀዳዳ ብቻ ትቷል፦ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ይግባ። እኔ ታዲያ እዚያ ቤት የምገባው በዚያች ቀዳዳ ነበር ማለት ነው።

ዲሲም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሜሪ ቸርች ቴሬል የሚባሉ ጥቁር መምህርት በ86 ዓመታቸው፣ በ1950፣ ከዋይት ሐውስ ብዙ የማይርቅ ምግብ ቤት ትሪ ይዘው ተሰለፉ። አናስተናግድም ተባሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ምግብ ቤቶች ሰው እንዳይመርጡ የሚያዝ የ1870ዎቹ ሕግ ተረስቶ መደርደሪያ ላይ ነበርና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1953 ሕጉ ይሠራል አለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 26 ቀን 1954፣ ጃንሆይ ዲሲ ገቡ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቁሩን ከነጭ መለየት ተሽሮ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው። በኮንግሬስ ፊት ተናገሩ፣ ኒውዮርክ ላይ ከፎቅ ወረቀት እየተበተነላቸው አለፉ። እስከ ኦክላሆማ፣ ስቲልዎተር ድረስ ሄዱ፤ የዓለማያን እርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የሚረዳው የኦክላሆማ ኮሌጅ እዚያ ነበር። ለንጉሥ በር ተከፍቷል። አጃቢዎቻቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ ያለ ንጉሡ፣ ሻይ ሊጠጡ ገብተው ቢሆን ምን ይባሉ እንደነበር አስባለሁ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ስናወራ ሰምተውናል ወይስ አልሰሙንም፣ እንጃ። ጆሯቸው ሲፈልግ ነው የሚሠራው። ዝም ብለው ደረሰኙን አጥፈው ወደ ጣሳው መለሱ። ከመመለሳቸው በፊት ግን አስፈቅጄ ፎቶ አንስቼው ነበር፣ ለጋሽዬ ልልክለት።

እሁድ ስደውል አይቶታል። የዚያን ጊዜ ዶላር 2 ብር ከ50 አካባቢ ነበር፣ እሱን አልረሳም። በቃሉ አባዛው።

«አንድ ብር ከ50? ለእንቁላል?» አለ። «ታዲያ ይሄ ርካሽ ነው? በዚህ ብርማ እኔ ስድስት ዶሮ ገዝቼ እገባለሁ!»

«ጋሽዬ፣ ያኔ ደሞዝህ ስንት ነበር?» አልኩት።

«ሄሎ?» አለ። «ሄሎ? ልጄ፣ አይሰማኝም። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ።»