ስለ ባሕር ካነሳን ነዋሪዎቹንም እናንሳ

የባሕር ወሬ ጎንደርም ደርቷል። ካፌ ውስጥ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ወሬው ወደብ፣ መርከብና ኪራይ ነው። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ቢወራ አይገርመኝም። የሚከነክነኝ ግን ባሕር የዕቃ መንገድ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ልጆቻችን ዋልያንና ጭላዳን ያውቃሉ። ጄሊፊሽና ኮራል ሲባሉ ግን ለፈተና የሸመደዱት ስም ብቻ ትዝ ይላቸዋል።

ዋልያንና ጭላዳን በሳይንስ ስማቸው ያስመዘገበው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንንና ጎንደርን ከማየቱ በፊት የቀይ ባሕርን እንስሳት ሲያጠና ነበር። ያ ሰው ተራራውንና ባሕሩን አልነጣጠለም። እኛም መነጠል የለብንም።

እንደ ዝልግልግ ጃንጥላ የሚንሳፈፈው ጄሊፊሽና ኮራል ዘመዳሞች ናቸው። ከ11,000 በላይ ዝርያ ባለው በዚህ ወገን ያሉት ሁሉ የሚናደፉ ሴሎች አሏቸው። የአንዳንዱ ሴል መርፌ ተወርውሮ የሚወጋው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም የሚገነቡት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ በሥጋቸው ውስጥ የሚኖር አልጌ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጅላቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌውን ያጣሉ፣ ይነጣሉ። ሙቀቱ ከቆየም ይሞታሉ። ካሲዮፒያ የሚባለው የቀይ ባሕር ጄሊፊሽም እንዲሁ አልጌ ይዞ ይኖራል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ታች፣ መሬቱ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ይውላል።

ኮምብ ጄሊ ጄሊፊሽ ቢመስልም ሌላ ወገን ነው። አይናደፍም፤ አብዛኛው የሚያድነውን በሚያጣብቁ ሴሎች ይይዛል። የሚዋኘው በስምንት ረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ፀጉሮች ነው። ፀጉሮቹ ሲርገበገቡ ብርሃኑ ተበትኖ የቀስተ ደመና ቀለም ይሰጣል። እንዲህ የሚያምር ፍጥረት ግን ያለቦታው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የጥቁር ባሕር ዓሣ አጥማጆች ያውቃሉ።

ምኔሚዮፕሲስ የተባለው ኮምብ ጄሊ የመጣው ከአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚጭኑት ውሃ ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር ባሕር ደረሰ። የዓሣ ዕንቁላልና ጫጩት ይበላል። የዓሣውን ምግብም ይሻማል። ወንድም ሴትም ስለሆነ አንዱ ብቻውን ይራባል። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ አንቾቪ የተባለው ዓሣ ተመናመነ፤ እርግጥ ከልክ ያለፈ ማጥመድም አግዞታል። ፋታ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ቤሮዬ የተባለ፣ ኮምብ ጄሊ የሚበላ ሌላ ኮምብ ጄሊ ሲመጣ ነው። ወራሪው ግን ወዲያው በካስፒያን ባሕር ታየ። ካስፒያን ደግሞ ከውቅያኖስ የሚያገናኘው የሰው ልጅ የቆፈረው ቦይ ብቻ ነው። ዙሪያውን የብስ ነው።

ይህን ታሪክ የደንቢያ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። እንቦጭም ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ነው ጣናን የወረረው። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያስጠጋበት አጣ፤ ገበሬው ወራት ሙሉ አረም ሲነቅል ባጀ። ወራሪን ገና ሲገባ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በየውሃው ዳር ሊኖረን ይገባል እላለሁ። ያ ሰው የሚወጣው ከመማሪያ ክፍል ነው።

ደግሞ ኮራል ለማየት ድንበር መሻገር አያስፈልግም። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውሃ የዳናኪልን ረባዳ አጥለቅልቆ ነበር። ባሕሩ ሲቆረጥና ሲደርቅ ዳርቻው ላይ የነበረው ኮራል እዚያው ቀረ። ዛሬም አፋር ምድር ላይ፣ ከባሕር ወለል በታች በሆነ ሥፍራ፣ ድንጋይ ሆኖ ይታያል። አያቶቻችን በጎንደር ገበያ እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የተጠረበውም ከዚያው ረባዳ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጎንደር መምህራንና ለዩኒቨርሲቲው ነው። የባዮሎጂና የጂኦሎጂ ተማሪዎች መንገዱ ሰላም ሲሆን ያንን ኮራል ሄደው ይዩት። እስከዚያው ከሃይድራ መጀመር ይቻላል። የጄሊፊሽና የኮራል ዘመድ ሆኖ በጨዋማ ሳይሆን በንጹሕ ኩሬና በዝግታ በሚፈስ ውሃ ውስጥ፣ በተክል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሚረዝም በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ኩሬዎቹ ሲጠሩ፣ ተማሪዎቹ ጠርሙስ ይዘው ወጥተው ይፈልጉት።